አቶ ኡጁሉ «ትቀራለህ» ሲል

እርስዎ ላይ ደርሶ ያውቃል? የተናገሩት ነገር በሙሉ ትክክል ነው፤ መጽሐፍ ቢገለጥ ይመሰክርልዎታል። ነገር ግን የሰሚው ፊት እያዩት ይጠቁራል። ያልገባው ይመስልዎትና ይበልጥ ያብራራሉ፤ ባብራሩ ቁጥር ፊቱ ይበልጥ ይጠቁራል። እኔ ላይ ደርሷል። በዚያን ጊዜ ከጥፋቴ ያወጣኝ ሰው ነው ዛሬ የሚጻፍለት።

ባለፈው ሐሙስ ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ስወጣ የሆስፒታሉ ዘበኛ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዟል።

«ቲቸር፣ ኡጁሉ የለም» አለኝ።

እኔም ሳላስበው «የት ሄደ?» አልኩት።

ዘበኛው ቆቡን በጣቶቹ መካከል ያዞረዋል። ሁለት ጊዜ ካዞረው በኋላ ነው የገባኝ።

አቶ ኡጁሉ የከተማችን ሆስፒታል የላብራቶሪ ባለሙያ ነበር። አኙዋ ነው፤ ባሮ ዳር ተወልዶ፣ ሙያውን ጅማ ተምሮ፣ ተመልሶ ባሮ ዳር የሠራ ሰው። ከቁመቱ ብዛት የተነሳ ማይክሮስኮፕ ለማየት ሲያጎነብስ ወገቡን ያመው ስለነበር ጠረጴዛውን በጡብ ከፍ አስደርጎታል። ነርሶቹ አንድ ነገር ማየት ሲፈልጉ በርጩማ ላይ ይቆማሉ። «ወባ ለማየት ተራራ መውጣት» እያሉ ያሾፉበት ነበር፤ እሱም «ደጋ የለመደ ሰው ምን ያማርረዋል?» ይላቸዋል።

አማርኛ ለእሱ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። በእሱ አማርኛ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም። ዋናውን ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን እንግዳ፣ የቢሮ ኃላፊውን፣ ሁሉንም «አንተ» ነው የሚላቸው። ሲቸኩል ሴቶችንም «አንተ» ይላል። ማንም ተቀይሞት አያውቅም፤ በእሱ አፍ «አንተ» ከብዙ ሰው «እርስዎ» ይሞቃል። እኔንም በመጀመሪያው ቀን «አንተ በለኝ፣ አለዚያ ሌላ ሰው ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል» ስላለኝ ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያው እለዋለሁ።

የተዋወቅነው እንዲህ ነው። እኔ ያኔ ከመምህራን ኮሌጅ የወጣሁ አዲስ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ፤ ጋምቤላ ከገባሁ ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። ክልሉም እንደ እኔ አዲስ ነበር። በየመንገዱ የቢሮ ታፔላ እየተሰቀለ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ቢሮው ወደ ሌላ ቤት እየተዛወረ ነበር። አንድ ቀን የሳይንስ ዕቃ ክፍሉን መደርደሪያዎች በየፈርጁ እያስተካከልኩ ሳለሁ አንድ ረጅም ሰው በሩን ዝቅ ብሎ ገባና «ውሃ ልክ ስጠኝ» አለኝ። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ሰውየው አልቦታል። ሮጬ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ አመጣሁለት። ተቀበለኝ፤ ቀስ ብሎ ጠጣ፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨረሰ፤ ብርጭቆውን መለሰልኝና አመሰገነኝ።

ከዚያም «ውሃውን ጠጣሁ። አሁን ልኩን ስጠኝ» አለ።

የፈለገው ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ ልክ ነበር፤ ያንን ሆዱ ውስጥ ውሃ ያለበት፣ በአረፋው ቀጥ ማለትን የሚያሳይ መለኪያ። እኛ መደርደሪያ ላይ አንድ ነበረች። ለምን እንደሚፈልጋት ስጠይቀው ክንዴን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ወሰደኝ።

ነገሩን ለተማሪዎቼ በማስረዳበት መንገድ ላስረዳ። ደም የሚመስለን ቀይ ውሃ ነው፤ አይደለም። ደም ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ቀይ ህዋሳት በቢጫ ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋሉ። ፈሳሹ ደግሞ ፕሮቲን አለበት፤ የእንቁላል ነጭ ዋናው ነገሩ ፕሮቲን እንደሆነ ሁሉ። ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ቀይ ህዋሳቱ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ ቀስ ብለው ነው የሚዘቅጡት። አንድ ከባድ በሽታ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበት አጣባቂ ፕሮቲኖች በብዛት ይለቃል። ያኔ ህዋሳቱ እንደ ተደራረበ ሳህን ይጣበቁና ይከብዳሉ፤ ቶሎ ይዘቅጣሉ። አቶ ኡጁሉ ደሙን በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይሞላና ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ልክ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ከዚያ ቀዩ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ያነባል። እንግዲህ ያ ቁጥር የፕሮቲኖቹ ወሬ ነው። ቱቦው ትንሽ ካዘመመ ግን ወሬው ውሸት ይሆናል፤ ደሙ ከሚገባው በላይ ይፈጥናል። የላብራቶሪው ወለል ደግሞ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ ነው የተሠራው። ውሃ ልኳ ለዚህ ነበር።

ያን ቀን በሥራው ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ ቱቦው በቆመበት ሰዓት ጠረጴዛውን መደገፍ ክልክል ነው፤ ዋናው ሐኪም ክርኑን ሊያሳርፍ ሲል «አንተ፣ ደሙ ይሰማሃል» ብሎ አስነሳው። ሁለተኛ፣ ያን ሙሉ ሰዓት በሽተኛውን ብቻውን አይተወውም። ሌላ ሥራውን እየሠራም ቢሆን ስለ ዓሣ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘመድ ያወራዋል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሰዓቱ ረጅም ነው። ብቻውን ከጠበቀ እሱም ይዘቅጣል» አለኝ።

በዚያው ዓመት የተማረ የአካባቢ ሰው በየቢሮው ይፈለግ ስለነበር አንድ ቢሮ ውስጥ ምክትል ኃላፊ አደረጉት። ሱፍ ልብስ ለበሰ፤ ነጭ ካልሲ አደረገ፤ ሰፊ ጠረጴዛ ተሰጠው። በሁለት ሳምንቱ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ላብራቶሪ ውስጥ አገኘሁት።

«ምነው?» አልኩት።

«እዚያ ሰው ሲመጣ ‹ነገ ና› ይባላል። ሁለት ሳምንት ‹ነገ ና› አልኩ። ደም ግን ‹ነገ ና› አይሰማም፣ ይረጋብሃል።»

ነጭ ካልሲውን ግን ከሹመቱ አስቀርቶት ነበር። «ይኼ የመንግሥት አይደለም» ይላል።

አሁን ወደ ጋሽ ደምሴ ልምጣ። ጋሽ ደምሴ የትምህርት ቤታችን የአማርኛ መምህር ነበር። የጎሬ ሰው ሲሆን መቲ አሥር ዓመት አስተምሮ ወደ ከተማ የተዛወረ ነው። ሲጋራውንና ጠመኔውን በአንድ ኪስ ይይዝ ስለነበር አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ በሲጋራ ሊጽፍ ሲታገል ክፍሉ በሳቅ ፈርሷል። አነጋገር የሚያበላሽ ሰው እንደ ጥርስ ሕመም ያስጨንቀዋል። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ አንዱ «በጣም አስፈላጊ ያስፈልገኛል» ቢል ሻዩን አስቀምጦ ሳያርም አይጠጣም።

ሳል ጀመረው። ቲቢ ይሆናል ተባለ፤ አቶ ኡጁሉ አክታውን ሦስት ቀን መርምሮ ቲቢ አጣበት። የራጅ ፊልሙ ላይ ግን አንድ ነገር ነበር። አዲስ አበባ ተላከ፤ ለምርመራ ከሳንባው ቁራጭ ሥጋ ተወሰደ፤ የሳንባ ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሞቹ መድኃኒት ለመጀመር ቀጠሮ ሰጡት፤ እስከዚያ ኪሎው እንዳይወርድ እንዲበላና ከመምጣቱ በፊት የደሙን መዝቀጥ አስለክቶ ወረቀቱን እንዲይዝ አዘዙት። ቀጠሮው ላይ ከደረሰ መድኃኒቱ ጊዜ ይጨምርለታል፤ ካልደረሰ የሚጨምርለት ነገር የለም። ይህን ራሳቸው ነግረውታል። ከጋምቤላ አዲስ አበባ ደግሞ በጎሬና በበደሌ፣ መንገድ ላይ የሚታደርበት የአውቶቡስ ጉዞ ነው።

ወሩ መጋቢት ነበር፤ የእኛ የመጋቢት ሙቀት ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ፈተና እያስፈተንን ስለቆየን ጋሽ ደምሴና እኔ ላብራቶሪ የደረስነው ረፋዱ ላይ፣ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። አቶ ኡጁሉ «ለምን በጠዋት አልመጣህም?» ብሎ አጉረመረመ፤ ግን ቀዳ፤ ቱቦውን በውሃ ልኳ አስተካክሎ አቆመ። ሰዓቱን ሙሉ ስለ ናይል ፐርች ሲያወራልን ቆየ፤ አንዱን ዓሣ አያቱና አጎቱ በሁለት ጎን ተሸክመውት ጅራቱ መሬት ይነካ ነበር አለን። ጋሽ ደምሴ «በአማርኛ ዋሸህ፣ በአኙዋ ቢሆን አላውቅብህም ነበር» አለው።

ሰዓቱ ሞላ። አነበበ። «ዘጠና አራት።»

ጋሽ ደምሴ ቀልዱን አቆመ። «እንግዲህ ኡጁሉ፣ አንተ ደም ስታይ የኖርክ ሰው ነህ። ንገረኝ። ስንት ቀረኝ?»

አቶ ኡጁሉ አሰበ። ከዚያ ረጅም እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈና፣ «ጋሽ ደምሴ፣ አንተ ትቀራለህ» አለው።

ወዲያው አንዲት እናት በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ታቅፋ ገባች፤ አቶ ኡጁሉ ወደ እሷ ዞረ። እኛም ወጣን።

ማንጎው ጥላ ሥር ስንደርስ ጋሽ ደምሴ ቆመ። «አንተ ባዮሎጂ ነህ። ይህ ዘጠና አራት የሚሉት ምንድን ነው?» አለኝ።

አዩ፣ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ሲጠይቁኝ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። እንጨት አንስቼ አፈሩ ላይ ጉበት ሣልኩ፤ ከጉበቱ የሚወጡ ፕሮቲኖችን በነጥብ፣ ህዋሳቱን በክብ አድርጌ አሳየሁት። የጤነኛ ሰው ቁጥር ከሃያ እምብዛም እንደማያልፍ ከመጽሐፍ ያስታወስኩትን ነገርኩት። ካንሰር ባለበት ሰው ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዕድሜው አጭር ይሆናል ብዬም ጨመርኩ።

«ይሆናል?»

«በአብዛኛው።»

«እንግዲያው ኡጁሉ እንዳለው ነው» አለ።

ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም። ግን ትምህርቱ ያለቀ ስለመሰለኝ «አዎ፣ እሱ ባለሙያ ነው» አልኩት። ጋሽ ደምሴ ሥዕሌን ላለመርገጥ ዞሮ ሄደ። መርዶ እንኳ ወግ አለው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ ተመርጦ፣ ውሃ ተይዞ ነው የሚነገረው። እኔ መንገድ ዳር፣ በጭራሮ ሥዬ ነገርኩት።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ እትዬ ጥሩነሽ መምህራን ማረፊያ ድረስ መጣች።

«አንተ ልጅ፣ ምን ብላችሁ ነው የመለሳችሁልኝ?»

«ምን ሆነ እትዬ?»

«ሻንጣውን ፈታው። አዲስ አበባ አልሄድም አለ። መጻሕፍቱን ለጎረቤት ልጆች አደለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ ያቀረብኩለትን አይቀምስም። አውቶቡሱ ሰኞ ነው፤ ዛሬ ዓርብ ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

እየሮጥኩ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ አልጋው ላይ ነው። መድኃኒቱን፣ ቀጠሮውን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ላስረዳው ጀመርኩ። እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«ተወኝ። ኡጁሉ እንደ ወንድም ነግሮኛል። ‹ትቀራለህ› አለኝ፤ አንተም አዎ አልክ። ሃያ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ይህችን ግስ ላጣት?»

ከዚያ ቤት ወጥቼ ላብራቶሪ እስክደርስ ድረስ በአቶ ኡጁሉ ላይ በጣም ተናድጄ ነበር። በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

«እንዴት እንደዚያ ትለዋለህ? ሰው እንዴት ፊት ለፊት ትቀራለህ ይባላል?»

«ጋሽ ደምሴን?»

«ጋሽ ደምሴን!»

አቶ ኡጁሉ ግራ ገባው። «አዎ፣ ይቀራል አልኩ። አይሄድም። እኛ ጋር ይቀራል። መጥፎ ነው?»

ቆሜ ቀረሁ። ይኸውልዎ፣ እኔም እዚህ ላይ «ቀረሁ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ግስ በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። አንዱ መቆየት ነው፤ ሁለተኛው መታጣት። እኛ አማርኛን ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ሰዎች የትኛው እንደሆነ ሳናስበው እንለየዋለን፤ ስለዚህ ሁለት መሆኑን እንኳ አናውቅም። አቶ ኡጁሉ «አለህ፣ ትቆያለህ» ብሎ ያጽናናውን ሰው እኛ «አበቃልህ» ብለን ወሰድነው። በላዩ ላይ እኔ የጉበት ሥዕል ጨመርኩበት።

ሳስረዳው ቀስ ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ጋውኑን አወለቀ፤ የላብራቶሪውን በር ቆለፈ። በሥራ ሰዓት በሩ ሲቆለፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በረጅም እርምጃው ሲሄድ እኔ እየሮጥኩ ነበር የምከተለው።

የጋሽ ደምሴን በር ዝቅ ብሎ ገባና ቆመ። «ጋሽ ደምሴ፣ ቃል አበላሽቼብህ መጣሁ» አለ።

ጋሽ ደምሴ ከግድግዳው አልዞረም። «አላበላሸህም። ንጹሕ አማርኛ ነው።»

«አንተ አስተማሪ ነህ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ክፍል ውስጥ ስም ስትጠራ ‹ቀረ› ካልክ፣ ልጁ አለ?»

«የለም።»

«ድስት ውስጥ ወጥ ቀረ ካልክ፣ ወጡ አለ?»

የጋሽ ደምሴ ጭንቅላት ብቻ ዞረ። «አለ» አለ።

«እኔ የድስቱን ነው ያልኩህ!»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ጥሩነሽ ናት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እያለቀሰች ሳቀች። ጋሽ ደምሴም ሳቁ ያዘው፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ከሳሉ ሲወጣ ቁጭ ብሎ ነበር።

«ሃያ ስምንት ዓመት» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ሃያ ስምንት ዓመት፣ የድስቱን ረሳሁት።» ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «እሺ። የድስቱ ይሁን። ከድስቱ ስንት ቀረኝ?»

እንግዲህ የማልረሳው ይህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞህ፣ ገና ብዙ ትኖራለህ» ይላል። እኔ ብሆን ፕሮቲኖቹን እንደገና እጀምራለሁ። አቶ ኡጁሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቶቹ እስከ ደረቱ ደረሱ። ዓይን ዓይኑን አየውና፣

«ብነግርህ ምን ታደርግበታለህ?» አለው።

ዝምታው ቆየ። ጎረቤት አንዲት ፍየል ትጮሃለች፤ ቆርቆሮው በሙቀት ይንቋቋል። እኔ አላስቻለኝም፤ አፌን ከፈትኩ። አቶ ኡጁሉ ሳያየኝ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። አፌን ዘጋሁ።

በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ እንዲህ አለ፦ «መቲ ሳለሁ አንድ ባልደረባ ነበረኝ፤ ታሞ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ መንገድ ላይ ሞተ። አውቶቡሱ አይጠብቅም። ስሙን የማያውቁ ሰዎች ቀበሩት። እኛ ከወር በኋላ ሰማን። መቃብሩን እስከ ዛሬ ያየ የለም። ሞቱን አይደለም የምፈራው ኡጁሉ። ያንን ነው። ጊዜዬ አጭር ከሆነ እዚሁ፣ ስሜን የሚያውቅ ሰው መካከል ልሁን ብዬ ነው።»

እትዬ ጥሩነሽ «ይህን ለእኔ ነግረኸኝ አታውቅም» አለችው።

«ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

አቶ ኡጁሉ ራሱን ነቀነቀ። «ይኼን ደሙ አያውቅም» አለ። «ደሙ የሚያወራው ስለ ብዙ ሰው ነው። እንዳንተ የታመሙ ብዙ ሰዎች ቢሰለፉ ከመካከላቸው ማን ቶሎ ይደክማል የሚለውን በግምት ይነግርሃል። ስለ ደምሴ ብቻ አያወራም። መንገዱን ትችላለህ ወይ? ያንን እግርህን እንጠይቀው። ነገ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ ና። ቁርስህን ግን ስንመለስ ትበላለህ፣ ቃል ግባ።»

ቅዳሜ ንጋት ላይ ደሙን ቀዳ፤ ቱቦውን አቆመ፤ «አንተ ጠብቅ፣ ጠረጴዛውን እንዳትነካ» ብሎ እኔን እዚያው ትቶ ጋሽ ደምሴን ይዞ ወደ ባሮ ድልድይ ሄደ። አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ቱቦውን ሳይ ቆየሁ። ለማንም የማስረዳው ነገር አልነበረም። ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድምፃቸውን ሰማሁ። ጋሽ ደምሴ አልቦታል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ግን አገጩ ቀና ብሏል።

«ድልድዩን ተሻግሬ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ ነው የቆምኩት፤ አንዱ ለወሬ ነው» አለኝ።

አቶ ኡጁሉ አነበበ። «ሰባ አንድ።»

«ወረደ?» አልኩ ዘልዬ።

«ሙቀቱ ወረደ» አለኝ። «በእኛ ረፋድ ደም ይሮጣል። ለዚህ ነው በጠዋት ኑ የምለው። መጽሐፍህን የጻፈው ሰው መጋቢት እዚህ አልነበረም።» ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረ። «ሰባ አንድም ትልቅ ነው። ልዋሽህ አልችልም። ግን የቆመው ደምህ ነው፤ ድልድዩን የሄድከው አንተ ነህ።»

ጋሽ ደምሴ ያን ቀን ሁለት ሳህን ገንፎ በላ።

ሰኞ ንጋት አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘናቸው፤ እትዬ ጥሩነሽም አብራው ትሄዳለች። አቶ ኡጁሉ ነጭ ካልሲውን አድርጎ መጣ። ከኪሱ የታጠፈ ካርቶን አወጣ፤ የመድኃኒት ካርቶን ነው። በትልልቅ ፊደል የጋሽ ደምሴን ስም፣ የባለቤቱን ስም፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የከተማውን ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፎበታል። ከታች ደግሞ «ይህ ሰው የኛ ነው» የሚል አለበት። በጋሽ ደምሴ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተለት።

«መንገድ ላይ ምንም ቢሆን ስምህ አብሮህ አለ» አለው።

ጋሽ ደምሴ ካርቶኑን መልሶ አወጣ፤ አነበበው። ቀይ እስክሪብቶውን ከኪሱ መዘዘና አንድ ፊደል አረመ። መልሶ ከተተው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አቶ ኡጁሉ ፊቱን ወደ አንድ ዛፍ አዙሮ ነበር።

ጋሽ ደምሴ መድኃኒቱን ወሰደ። ፀጉሩ አልቆ፣ ከስቶ ተመለሰ፤ አስተማረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አየ። በሁለተኛው ማብቂያ በገዛ አልጋው ላይ አረፈ፤ ከተማው ሁሉ በስሙ እየጠራ ቀበረው። አቶ ኡጁሉ ከቁመቱ የተነሳ ቃሬዛው በእሱ በኩል ከፍ እያለ ስላስቸገረ ጉልበቱን አጥፎ እስከ መቃብሩ ተሸከመ።

አሁን ደግሞ አቶ ኡጁሉ ራሱ። ሕመሙ አጭር ነበር አሉ። ቅዳሜ ለቅሶ ሄድኩ። ባለቤቱ አሪየት ግቢያቸው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ሴቶቹ «ከሐሙስ ጀምሮ አላለቀሰችም» ብለው በሹክሹክታ ነገሩኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወደ እኔ ዞራ ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ ደሙን ቀድሞ ቢያይ ኖሮ ይድን ነበር?»

መልስ ነበረኝ። የሕመሙን ዓይነት ሰምቻለሁ፤ ምን ምን ምርመራ ሊያሳይ ይችል እንደነበር፣ የትኛው እንደማያሳይ፣ ሁሉም በቅደም ተከተል ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። ዋጥኩት።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊበታለሽ?» አልኳት።

ምንጣፉን በጣቷ መቆንጠር ጀመረች። መሬቱን አየሁ፤ እጄን አየሁ፤ ዝም አልኩ።

«ልቆጣው ነው» አለች በመጨረሻ። «የሰውን ሁሉ ደም ያያል፤ የራሱን አንድ ቀን አላየም። ስለምነው ይስቃል። ይድን ከነበረ እቆጣዋለሁ። ካልነበረ ግን ይኼን ቁጣ የት ላድርገው?»

«ይድን እንደነበር አላውቅም» አልኳት፤ እውነትም እርግጠኛ አይደለሁም። «ግን ተቆጪው። እኔም ተቆጥቼዋለሁ።»

አሪየት ተነሳች። ግድግዳው ላይ ወደ ተንጠለጠለው ጋውኑ ዞረችና በአኙዋ ቋንቋ ተቆጣችው። አንድም ቃል አልገባኝም። ሴቶቹ ጸጥ አሉ። ድምፅዋ እየጨመረ ሄዶ መሐል ላይ ተሰበረ፤ ጋውኑን አወረደችና ፊቷን ቀብራበት አለቀሰች። ሴቶቹ ከበቧት።

አንባቢዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ሰሞኑን አንድ የታመመ ወይም ያዘነ ሰው መልሱን የሚያውቁትን ነገር ይጠይቅዎታል፤ መቼም አይቀርም። መልሱን ከመስጠትዎ በፊት ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ይጠይቁት። ከዚያ አፍዎን ዘግተው ይጠብቁ። ከጎንዎ እንደ እኔ ያለ ሰው ተቀምጦ ሊያስረዳ አፉን ከከፈተም፣ ሳያዩት እጅዎን ጉልበቱ ላይ ያሳርፉበት።